የማስጠንቀቂያ ሳይረንን ከቅርብ ለመስማት፦ የት መቆም፣ ጆሮን በምን መሸፈን፣ በምን መቅዳት?

#1 ድምፅ_ወዳድ
ሰላም ለቤቱ። የከተማው የውጪ ማስጠንቀቂያ ሳይረን በየወሩ ይሞከራል፤ በመስኮት በኩል ሳይሆን ከምሰሶው አጠገብ ሆኜ ልሰማው እፈልጋለሁ። ምሰሶው በግምት 15 ሜትር ይሆናል፤ አናቱ ላይ ቀስ እያለ የሚዞር አንድ ትልቅ ቀንድ አለ። ካታሎጉ «125 ዴሲቤል በ30 ሜትር» ይላል። የት ብቆም ነው ድምፁ ሙሉ ሆኖ የሚሰማው? ጆሮዬን በምን ልሸፍን? ስልክስ በትክክል ይቀዳዋል?

#2 ሮተርና_ስታተር
እንኳን ደህና መጣህ። በመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ምሰሶው ስር ገብቶ መቆም ድምፁን አያጎላውም።

የካታሎጉ ቁጥር የተለካው ከቀንዱ ፊት ለፊት፣ በቀንዱ ከፍታ ላይ ነው። 30 ሜትር የሆነውም የአሜሪካ አምራቾች በ100 ጫማ ስለሚለኩ ነው። ቀንድ የተሠራው ድምፅን ሰብስቦ ወደ አድማስ ለመወርወር እንጂ ወደ መሬት ለማፍሰስ አይደለም። ምሰሶው ስር የሚደርስህ ከቀንዱ ጎን ያመለጠውና ከመሬት ከግድግዳ የነጠረው ነው። ወፍራሙ ጉምጉምታ ይመጣልሃል፤ ስለታሙ፣ ቀጭኑ ክፍል ግን በአናትህ ላይ ያልፋል። ድምፅ በቀጠነ ቁጥር በቀንድ ውስጥ ይበልጥ ይሰበሰባልና።

አንግሉን ቁጠረው። ባለ 15 ሜትር ምሰሶን ከ15 ሜትር ርቀት ስታየው ቀንዱ ከአንተ 45 ዲግሪ ሽቅብ ነው። ከ30 ሜትር ወደ 27 ዲግሪ ይወርዳል፣ ከ60 ሜትር ደግሞ 14 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የድምፁ ጅረት ውስጥ በደንብ የምትገባው እዚህ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በ30 ሜትር 125 የሆነው በ60 ሜትር 119፣ በ120 ሜትር 113 ነው። ቤትና ዛፍ በበዛበት ሰፈር ግን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሚያቅዱ ሰዎች በየእጥፉ 10 ዴሲቤል ይቀንሳሉ፤ በዚያ ስሌት በ120 ሜትር 105 ይቀርሃል። እውነቱ በሁለቱ መሀል ነው፣ እንደ ቦታው።

የእኔ ምርጫ ከ60 እስከ 120 ሜትር ነው፤ በሳይረኑና በአንተ መካከል ምንም ሳይኖር፣ ነፋሱ ከሳይረኑ ወደ አንተ እየነፈሰ። በነፋሱ ተቃራኒ ከቆምክ ድምፁ ወደ ላይ ይታጠፍና ትንሽ ራቅ ስትል ይሳሳብሃል። ቀንዱ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ውበቱ መጥረጉ ላይ ነው፦ ፊቱን ወደ አንተ ሲያዞር ያብጣል፣ ጀርባውን ሲሰጥህ ይሟሽሻል። ምሰሶው ስር ይህ ልዩነት በጣም ይደበዝዛል፤ እዚያ መቆም ከጨዋታው ግማሹን መተው ነው።

ሌላም አለ። ከኋላህ ወይም ከጎንህ ትልቅ ግድግዳ ካለ ማሚቶውን ትሰማለህ። 170 ሜትር ርቆ ያለ ግድግዳ ድምፁን ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመልሰዋል። ሳይረኑ እየወፈረ ሲወርድ ያለፈው ሰከንድ ቅጥነት ከአሁኑ ጋር ተደርቦ ይሰማል። ሁለት ማሽን ያለ ይመስላል፤ ቀረጻ እያዩ «ባለ ሁለት ድምፅ ነው» ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አንዳንዴ የሚከራከሩት ስለ ግድግዳ ነው።

#3 ጆሮ_ጠባቂ
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

የአሜሪካው የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ፌማ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የውጪ ማስጠንቀቂያ መመሪያ ሰው ሊገኝ በሚችልበት ቦታ ድምፁ ከ123 ዴሲቤል (በሲ ሚዛን፣ ማለትም ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ከሞላ ጎደል እኩል በሚቆጥር አለካክ) እንዳያልፍ ይመክራል። ምሰሶዎቹ ረጃጅም የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር በአደጋ ሰዓት እግረ መንገዱን ለሚያልፍ ሰው የታሰበ ጣሪያ እንጂ «እዚህ ድረስ ጉዳት የለውም» ማለት አይደለም።

ለጊዜ ስሌት የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ያወጣው ደንብ ይሻላል፦ 85 ዴሲቤል (በኤ ሚዛን፣ ማለትም እንደ ሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ በሚቆጥር አለካክ) ለ8 ሰዓት፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ 15 ደቂቃ፣ 115 ላይ 28 ሰከንድ፣ 130 ላይ አንድ ሰከንድ እንኳ የማይሞላ ጊዜ ይቀራል። በ60 ሜትር 119 ሲ የተባለው ሳይረን ድምፁ 500 ሄርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ከሆነ በኤ ሚዛን 116 ገደማ ነው። ባዶ ጆሮ የሚፈቀድለት 22 ሰከንድ ነው፤ የሙከራው ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይሄዳል።

አሁን መሸፈኛው። የስፖንጅ መድፈኛ ማሸጊያው ላይ ኤንአርአር (መድፈኛው ድምፅን የሚቀንስበት መጠን) 33 ይላል፤ አውሮፓ የተሠራ ከሆነ ኤስኤንአር የሚባል ሌላ ቁጥር ታያለህ፣ ሁለቱን አታምታታ። 33ን እንዳለ አትቀንስ፤ የተለመደው ጥንቁቅ ስሌት 7 ቀንሶ ለሁለት ማካፈል ነው፦ 33 ሲቀነስ 7፣ 26፤ ግማሹ 13 ዴሲቤል። ቀሪው የሚጠፋው ሰው መድፈኛውን በትክክል ስለማያስገባ ነው። በላዩ ሙሉ የጆሮ መሸፈኛ ብትደርብ የሁለቱ ቁጥር አይደመርም፤ ከሚበልጠው ላይ 5 ብቻ ትጨምራለህ፣ 18 ይሆናል። 116 ላይ 18 ሲቀነስ 98፣ የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 24 ደቂቃ ያድጋል። ለአንድ ሙከራ ከበቂ በላይ ነው።

አስገባቡ እንዲህ ነው። በንጹሕ ጣት ስፖንጁን እጥፋት ሳይኖረው እንደ ቀጭን ክር አሽከርክረህ ጠቅልለው። በሌላኛው እጅህ በጭንቅላትህ ላይ አልፈህ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ፤ የጆሮው ቦይ የሚቀናው ያኔ ነው። አስገባና እስኪያብጥ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ያዘው። መስተዋት ፊት ስትቆም ከጆሮህ ወጥቶ በጉልህ የሚታይ ከሆነ አልገባም። ሌላው መፈተሻ፦ ጮክ ብለህ ስትናገር የራስህ ድምፅ ወፍሮ ከራስ ቅልህ ውስጥ የሚመጣ መስሎ ካልተሰማህ እንደገና አስገባው። ይህን ሁሉ ሳይረኑ ሊጮህ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጨርስ። የከተማ ሰዓትና የስልክህ ሰዓት ሁልጊዜ አይስማሙም።

ድምፅ ማጥፊያ ያለው የሙዚቃ ሄድፎን መከላከያ አይደለም። ኤሌክትሮኒክሱ የተሠራው ለአውሮፕላን ጉምጉምታ ነው፤ በዚህ ከፍታ ላይ ራሱም ይጨናነቃል።

#4 ባላ_ቀንድ
ትንሽ አላጋነናችሁትም? ኮንሰርት ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚቆም ሰው አለ። አንድ ደቂቃ ምን ታመጣለች? ደግሞ በስፖንጅ ተደፍኖ የተሰማ ሳይረን ሳይረን ነው ወይ?

#5 ጆሮ_ጠባቂ
@ባላ_ቀንድ ኮንሰርቱ 100 ላይ ነው እንበል። 116 ማለት ከዚያ 16 ዴሲቤል ከፍ ያለ፣ በጉልበት ሲለካ 40 እጥፍ ገደማ ነው። አንድ ደቂቃ 116 ላይ የ40 ደቂቃ ኮንሰርት ያህል ጉልበት ያስገባል። ስለዚህ «አጭር ነው» የሚለው መከራከሪያ እንደሚመስለው አያድንም። ጆሮ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጡንቻ ድምፅ ሲበረታ ትኮማተራለች፤ የምትረዳው ግን በወፍራም ድምፅ ላይ በመጠኑ ነው፣ ቶሎም ትደክማለች።

ከዚያ በኋላ ጆሮ ሲያፏጭ ወይም ጥጥ የተወተፈበት ሲመስል ያ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። በማግስቱ መለቀቁም ጉዳት አልደረሰም ማለት አይደለም። አንዱ ጆሮ በድንገት ቢደነቁር ወይም ማፏጨቱ ካልተወ ሳምንት አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። ድንገተኛ የመስማት ችግር ሕክምናው ፈጥኖ ሲጀመር ነው የተሻለ ውጤት የሚኖረው።

ስለ ጥራቱ ግን ጥያቄህ ተገቢ ነው። ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ የበለጠ ስለሚበላ ሳይረኑ በብርድ ልብስ ውስጥ የሚጮህ ይመስላል። ለሙዚቀኞች የሚሠራው ባለ ማጣሪያ መድፈኛ ሁሉንም በእኩል ይቀንሳል፣ በአብዛኛው ከ15 እስከ 25 ዴሲቤል፤ የድምፁ መልክ ይቆያል። እሱን ብቻ ለብሶ ለመስማት 200 ሜትርና ከዚያ በላይ ራቅ በል። ከ100 ሜትር በታች ግን ስፖንጅና መሸፈኛ ተደራርቦ ነው፣ ድርድር የለውም። ደረትህ ላይ የሚመታው ስሜት እንደሆነ በመድፈኛ አይታገድም፤ ያንን ሙሉ በሙሉ ታገኘዋለህ።

#6 መስኮት_ቆጣሪ
ጠያቂው የሚሰማውን ነገር ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ ማሽኖቹ አንድ ዓይነት አይደሉምና።

መካኒካል ሳይረን ማለት መስኮት ያለው የሚሽከረከር ከበሮ (ሮተር) መስኮት ባለው በማይንቀሳቀስ ቀለበት (ስታተር) ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ሲገጣጠሙ አየር ይወጣል፣ ሲዘጋጉ ይቋረጣል። የድምፁ ድግግሞሽ የመስኮቶቹ ቁጥር ሲባዛ በደቂቃ ዙር ሲካፈል ለ60 ነው። የጀርመኑ ኢ57 ጣሪያ ላይ እንደ እንጉዳይ ባርኔጣ ደፍቶ የሚታየው ነው፤ 9 መስኮት አለው፣ በደቂቃ 2,800 ጊዜ ይዞራል፣ 9 ሲባዛ በ2,800 ሲካፈል ለ60፣ 420 ሄርዝ። ይህ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚጮህ ከላይ የተባለው መጥረግ የለውም።

የአሜሪካዎቹ ብዙዎቹ ባለ ሁለት ድምፅ ናቸው። በአንድ ዘንግ ላይ 10 እና 12 መስኮት ያላቸው ሁለት ሮተሮች ሲኖሩ ድምፆቹ 5 ለ6 ይሆናሉ፤ ያ የሚያለቅስ የሚመስለው ዝምድና። 8 እና 12 ከሆነ 2 ለ3 ነው፣ የበለጠ ክፍትና ደረቅ። ዘንጉ አንድ ስለሆነ ዝምድናው ከመነሻው እስከ መቆሚያው አይናወጥም፤ ሁለቱ ድምፆች ተያይዘው ይወጣሉ፣ ተያይዘው ይወርዳሉ። ሁለት የተለያዩ ሳይረኖች ከሩቅ ተደባልቀው ሲሰሙ ግን ዝምድናቸው ይዋልላል። ቅጥነታቸው በ2 ሄርዝ ብቻ ከተለያየ በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚያብጥ የሚሟሽሽ ምት ትሰማለህ።

የአሜሪካው ሳይረን አምራች ፌደራል ሲግናል ከ1952 ጀምሮ የሠራው ተንደርቦልት ለብቻው መታየት አለበት። አየሩን የሚያመነጨው ትልቅ ንፊያ ታች ነው፤ በቧንቧ ወደ ላይ ይወጣና በሚዞረው ቀንድ ሥር ባለ ቆራጭ ሮተር ይቆረጣል። ስለዚህ ቅጥነቱን የሚወስነው ቆራጩ ሲሆን ጉልበቱን የሚሰጠው ንፊያው ነው። ምሰሶው አጠገብ መቆም የሚያዋጣበት አንድ ማሽን ካለ ይህ ነው፤ ታች ያለው ንፊያ ራሱ የሚያገሳ፣ ከላይኛው ድምፅ የተለየ ጌጥ አለው። ከሞዴሎቹ 1000 ባለ አንድ ድምፅ፣ 1000ቲ ባለ ሁለት ድምፅ ነው። 1003 ደግሞ ሁለቱን ድምፆች በየተራ የሚዘጉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መዝጊያዎች ስላሉት ከፍ ዝቅ እያለ ሊጮህ ይችላል።

ኤሌክትሮኒክ የሆኑት ላይ ብዙ አልቆይም። የሚሽከረከር ነገር የለም፤ አምፕሊፋየርና ተደራርበው የተሰቀሉ ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። መደራረቡ የድምፁን ጨረር ከላይ ወደ ታች ስለሚያጠበው ከሥር ያለው ሰው ከጠበቀው ያነሰ ይሰማል። ሲቆሙም በአንድ ጊዜ ጭጭ ይላሉ፣ መውረድ የለም። ለእኔ ሳይረን የሚባለው ነገር ግማሹ መውረዱ ነው።

#7 ባላ_ቀንድ
ክራይስለሩስ? ሁሉም ሰው ሊሰማ የሚመኘው እሱን አይደለም?

#8 መስኮት_ቆጣሪ
የ1952ቱ የክራይስለር ሳይረን 180 የፈረስ ጉልበት ባለው ባለ 8 ሲሊንደር ሄሚ ሞተር ነው የሚሠራው። ሞተሩ መጭመቂያውንም ቆራጩንም ያዞራል፤ ድምፁ በስድስት ቀንድ ይወጣል። የሚነገርለት 138 ዴሲቤል በ30 ሜትር ነው። ከእሱ በፊት በ1942 የወጣውን የቪክቶሪ ሳይረን ደግሞ ሰው ከኋላው ሆኖ በእጅ ያዞረው ነበር።

ታድሰው በትርኢት የሚነሱ ጥቂቶች አሉ። ስሌቱን ሥሩ፦ ክፍት ሜዳ ላይ 60 ሜትር 132፣ 120 ሜትር 126፣ 240 ሜትር 120፣ 480 ሜትር ላይ እንኳ 114። አዘጋጆቹ ገመድ የወጠሩበት ቦታ ምንም ይሁን ምን ከቀንዱ ፊት ግማሽ ኪሎ ሜትር ራቁ፣ ያም በድርብ መከላከያ። ከጀርባው ድምፁ ቢቀንስም የሞተሩ ጭስና ሙቀት አለ፤ ቀንዶቹም ስለሚዞሩ «ጀርባ» የሚባለው ቦታ ቋሚ አይደለም።

#9 ባለ_ማይክ
ሦስተኛው ጥያቄ ተረሳ። ስልክ በዚህ ርቀት አይሆንም። የስልክ ማይክሮፎን በአብዛኛው 120 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል፤ ድምፁ አናቱ ይቆረጥና ቅጂው የተሰነጠቀ ድስት ይመስላል። በዚያ ላይ ስልኩ ራሱ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ሳይረኑ ሲነሳ ቀስ ብሎ ማደጉ፣ ሲዞር ማበጡና መሟሸሹ ሁሉ ተደፍጥጦ እኩል ይሆናል። ስልክ ብቻ ካለህ 250 ሜትርና ከዚያ በላይ ሂድ፤ ራስ ሰር የድምፅ ማስተካከያውን የሚያጠፋ የቀረጻ አፕ ተጠቀም።

ከቅርብ ለመቅዳት መድረክ ላይ ዘፋኝ የሚይዘው ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ ተመራጭ ነው፤ ይህን ድምፅ ያለ ችግር ይሸከማል። ኮንደንሰር ከሆነ ባለ 20 ዴሲቤል መቀነሻ ያለው ይሁን። ባለ 32 ቢት ፍሎት መቅጃ ሁሉን ያድናል የሚባለው እውነትነት ያለው ከማይኩ በኋላ ላለው መንገድ ብቻ ነው፤ የማይኩ ቆዳ ከታፈነ ፋይሉ የታፈነውን በትክክል ያስቀምጥልሃል እንጂ አይጠግነውም።

ጌይኑን (መቅጃው የማይኩን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) አስቀድመህ ቁረጥ፤ ሙከራው አንዴ ነው፣ «እንደገና አስነሱልኝ» አይባልም። ሰው ከማይኩ በአንድ ሜትር ላይ ሆኖ ከጮኸ በግምት 90 ዴሲቤል አካባቢ ነው። እሱ ከመቅጃው ጣሪያ 45 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ እንዲታይ ብታደርገው 119 የሚሆነው ሳይረን ጣሪያውን ሳይነካ 15 ያህል ክፍተት ይተርፍሃል። 48 ኪሎ ሄርዝ፣ 24 ቢት ይበቃል። የንፋስ መከላከያ ጸጉራም ልብስ አልብሰው። ማይኩን ከግድግዳና ከመኪና ቢያንስ 5 ሜትር አርቀህ በትሪፖድ አቁም፤ በእጅ አትያዘው፣ የምትለብሰው መሸፈኛ የእጅህን ንክኪ እንዳትሰማ ያደርግሃል።

ከአምስት ደቂቃ በፊት መቅዳት ጀምር፣ ድምፁ ከቆመ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተወው። ከባድ ሮተር ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ እየዞረ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ጉርምርምታ ከጀርባ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ሲጠፋ ነው ቅጂው የሚያልቀው። ሁለት መቅጃ ካለህ አንዱን 80 ሜትር ላይ፣ ሌላውን አንድ ኪሎ ሜትር ላይ አስቀምጥ። አንድ ኪሎ ሜትር ለድምፅ ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሁለቱን ፋይሎች ስታጋጥም ያንን አስብ።

#10 ቺንጊያና_ኩሽኔታ
ከቅርብ መስማት ለመዝናናት ብቻ አይደለም፤ ጥሩ ጆሮ ከሆነ በሽታውን ይለያል። በቅጂው ላይ ድግግሞሹን የሚያሳይ ማንኛውም አፕ ይበቃል። 420 ሄርዝ መሆን ያለበት ኢ57 390 ላይ ቢቆም 390 ሲባዛ በ60 ሲካፈል ለ9፣ 2,600 ዙር ማለት ነው፤ 200 ዙር የት ሄደ? ወይ ቮልቴጁ ወርዷል ወይ የሆነ ነገር ይጎትተዋል። በባትሪ የሚሠሩት (አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተቀጣጥለው 48 ቮልት የሚሰጡት) ላይ ደግሞ መጀመሪያ ቀጥኖ ተነስቶ በደቂቃው መጨረሻ እየወፈረ ከሄደ ባትሪዎቹ ደክመዋል።

ሞተሩ ግርር እያለ ሮተሩ ካልተነሳ በሦስት ፌዝ መስመር ላይ አንዱ ፌዝ ጠፍቷል፤ ቶሎ ካልተቆረጠ ጥቅሉ ይቃጠላል። ሲነሳ ሳይሆን ሲወርድ የሚያፏጭና የሚያንገጫግጭ ከሆነ ኩሽኔታው ነው፤ መውረጃው ላይ የሚሰማው የአየሩ ጩኸት ስለሚቀንስለት ነው። ሳይረኑ ቶሎ ከቆመ፣ ማለትም መውረዱ ካጠረ፣ ኩሽኔታው ደርቋል ወይም ከበሮው ይነካል። ተንደርቦልት ላይ ቅጥነቱ ትክክል ሆኖ ድምፁ ሳስቶ ከተሰማ ቆራጩን ተወውና ንፊያውን እይ፦ ቺንጊያው እየተንሸራተተ ወይም ቧንቧው አየር እያፈሰሰ ይሆናል። ድምፁ የማይጠርግ ከሆነ ማዞሪያው ቆሟል፤ አንዱ ሰፈር ይደነቁራል ሌላው አይሰማም።

የወፍ ጎጆና በረዶ ሳይረኑ ሲነሳ የታፈነ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ድንገት ተፈናጥሮ ሲወጣ ይጠራል። ምሰሶው ሥር የማይቆምበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ከ15 ሜትር የሚወርድ የበረዶ ቁራጭ ራስ ይፈልጣል።

ያየኸውን ለሚመለከተው ቢሮ ቀንና ሰዓት ጠቅሰህ ብታሳውቅ በደስታ ይቀበሉሃል፤ አንዳንዶቹ ለጥገና ሲመጡ ቆመህ እንድታይ ይፈቅዳሉ። ሳጥኑን ግን በራስህ አትንካው፣ አጥሩንም አትዝለል። ማሽኑ በሬዲዮ ትዕዛዝ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሳል።

#11 ቀን_ቆጣሪ
መቼ እንደሚሞከሩ ለሚጠይቁ፣ ሰዓቱን በየአገሩ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የጻፍኩት እንጂ በእኛ አይደለም፤ አደራ እንዳትደባልቁ። ኔዘርላንድስ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ 12:00፣ 1 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ። ፈረንሳይና ቼክ በመጀመሪያው ረቡዕ 12:00፤ የቼኩ 140 ሰከንድ ወጥ ድምፅ ነው። ኦስትሪያ በየቅዳሜው 12:00 የ15 ሰከንድ ድምፅ ያሰማል፣ ሙሉ ምልክቶቹን ግን በጥቅምት (ኦክቶበር) የመጀመሪያ ቅዳሜ ብቻ። ስዊዘርላንድ በየካቲት (ፌብሩዋሪ) የመጀመሪያ ረቡዕ 13:30፤ ከግድብ በታች ባሉ ቦታዎች ተከትሎ የሚመጣው የውኃ ማስጠንቀቂያ 12 ወፍራም ድምፆች ነው፣ እያንዳንዱ 20 ሰከንድ፤ ለአድናቂ ከሁሉ ብርቅ እሱ ነው። ስዊድን በማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ 15:00፤ 7 ሰከንድ ድምፅ፣ 14 ሰከንድ ዝምታ። ጀርመን በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሐሙስ 11:00። ቺካጎ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ 10:00። ሳን ፍራንሲስኮን አትጠብቁ፤ የማክሰኞው ሳይረን ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ዝም ብሏል።

በዓል ላይ ሲውል በአንዳንድ አገር ይዘለላል፤ የአሜሪካ ከተሞች ደግሞ ሰማዩ ሲከብድ ሙከራውን ይሰርዙታል፣ ሰው እውነት እንዳይመስለው። ስለዚህ በጠቆረ ሰማይ ከፕሮግራም ውጭ ከጮኸ መቅጃውን ትታችሁ ወደ ቤት ግቡ። ረጅም የብረት ምሰሶ አጠገብ መብረቅ ሲኖር የሚቆም የለም።

#12 ሮተርና_ስታተር
በቀረጻ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አንዳንድ ሥርዓቶች የሚነሱት በሬዲዮ በሚላክ የድምፅ ኮድ ነው። ሬዲዮ መቀበያ ይዛችሁ ያንን ኮድ ከሳይረኑ ጋር ቀድታችሁ አትለጥፉ። በኤፕሪል 2017 ዳላስ ውስጥ ያሉት 156ቱም ሳይረኖች በእኩለ ሌሊት አካባቢ በሐሰተኛ የሬዲዮ ምልክት ተነስተው ከተማውን አስጨንቀዋል። የሳጥኑን ውስጥና የፍሪኩዌንሲ ጽሑፍ የሚያሳይ ፎቶም እንደዚሁ ነው። እዚህ ክር ላይ ከመጣ አስተዳዳሪዎቹ ያነሱታል።

ሳይረኑ ሲያቆም መሸፈኛ ለማውለቅ አትቸኩሉ። የፈረንሳዩ ሙሉ ምልክት 1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ እየሆነ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ በመሀሉ ያለው 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ሌሎችም ሁለተኛ ዙር ያላቸው አሉ። ሮተሩ ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ።

#13 ድምፅ_ወዳድ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። 80 ሜትር ላይ ክፍት ቦታ አለ፣ እዚያ እቆማለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ መነጽር አደርጋለሁ፣ መሸፈኛው በላዩ ይሆናል? የስድስት ዓመት እህቴም ካልመጣሁ ብላለች።

#14 ጆሮ_ጠባቂ
የመነጽር ዘንግ የመሸፈኛውን ትራስ ያነሳውና ድምፅ በቀዳዳው ይገባል፤ ዘንጉ ወፍራም ከሆነ ብዙ ዴሲቤል ታጣለህ። ከስር የስፖንጅ መድፈኛው በደንብ ከገባ ዋናውን ሥራ እሱ ይሠራል። ቀጭን የሽቦ ዘንግ ያለው መነጽር ካለህ እሱን አድርግ፣ ወይም ለዚያች ደቂቃ አውልቀው። ኮፍያና ጸጉርም ከትራሱ ሥር አውጣ።

ለእህትህ 80 ሜትር አይሆንም። የስድስት ዓመት ልጅ ጆሮ ቦይ ለአዋቂ ስፖንጅ ይጠባል፣ ልጁም ሲያሳክከው ያወጣዋል። በልጅ ልክ የተሠራ ሙሉ መሸፈኛ ግዛላት፤ በቤት ውስጥ ቀድማ ለብሳ ትልመደው። ከሌላ ትልቅ ሰው ጋር 400 ሜትርና ከዚያ በላይ ርቃ ትቁም፤ በ10 ዴሲቤል ስሌት 88 ገደማ፣ በክፍት ሜዳም ቢሆን 103 አካባቢ ነው። መሸፈኛው በድንገት ቢወልቅ በጣቷ ጆሮዋን እንድትደፍን አሳያት፤ ከጆሮው በር ፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ ወደ ውስጥ መጫን በመዳፍ ከመሸፈን ይሻላል። ውሻ ካላችሁ ቤት ይቅር።